«ተረት ተረት» ብሎ የሚጀምር ውሸታም የለም

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የወጣቶች ኅብረታችንን የመጻሕፍት መደርደሪያ «ያጸዳሁት» እኔ ነኝ። በሌላ ሰው ላሳብብ አልችልም። «ለመንፈሳዊ ዕድገት የማይጠቅሙ መጻሕፍት ይነሡ» የሚል ውሳኔ ሲተላለፍ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቅንዓቴም ከዕውቀቴ ይበልጥ ነበር። አንድ ካርቶን አመጣሁ፤ ልብ ወለድ የሆነውን ሁሉ፣ ክርስቲያኖች የጻፉትንም ጭምር፣ ከተትሁበት፤ በፕላስተር አሽጌ የሙዚቃ መሣሪያዎች ክፍል ውስጥ ካለው ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀልሁት። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ተውሳ የወሰደችውን መጽሐፍ እንድትመልስ አስጠርቻት ነበርና ይዛው መጣች። «ቲቸር፣ ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ልጨርሰው?» አለችኝ። «እኅቴ፣ ውሸት ጨርሰሽ ምን ታተርፊያለሽ?» አልኋት። ሰጥታኝ ሄደች።

ዛሬ የምሟገተው ከዚያ መልሴ ጋር ነው። መልሱ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጓዳዬ በጸሎት እጨርሰው ነበር። ግን አሁንም በየአጥቢያው ይባላል። ይህን መጽሔት ከምታነቡት መካከል ልብ ወለድ ከፍራሽ ሥር ደብቆ የሚያነብ እንዳለ አውቃለሁ፤ ደብቆ የሚያነበው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጌታን ነገር የሚወድ ልጅ ነው።

ክልከላው ሁልጊዜ የሚመዘው ጥቅስ አለ። ጳውሎስ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ ሰዎች ጆሯቸውን ከእውነት መልሰው ወደ ተረት የሚያዘነብሉበት ዘመን እንደሚመጣ ያስጠነቅቃል። እኔም ይህንኑ መዝዤ ነበር። ነገር ግን ከፍ ብሎ ያለውን ቁጥር አብራችሁ አንብቡት። የሚናገረው ለሚያሳክክ ጆሮ የሚመቸውን ስለሚያስተምሩ መምህራን ነው። ጳውሎስ የፈራው እውነት ነኝ ብሎ ስለሚመጣ ተረት ነው። አያቴ ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ «ተረት ተረት» ስትል እኛ «የላም በረት» እንላለን። ይህ በተራኪና በሰሚ መካከል ያለ ውል ነው፤ የምነግራችሁ የተፈጠረ ነው፣ አዎ አውቀናል፣ ቀጥይ ማለት ነው። ውሸታም እንዲህ ያለ ውል አይዋዋልም። ውሸታም የሚጀምረው «እውነቴን ነው የምላችሁ» ብሎ ነው።

እንግዲህ ካነሣነው አይቀር፣ በመካከላችን ተረቱ ያለው የት እንደ ሆነ እንነጋገር። ልብ ወለድ አናነብም የምንል እኛ፣ ማንም ያላጣራውን ምስክርነት «አሜን» እያልን ስንት ጊዜ ሰምተናል? ከመድረክ ላይ የተነገረ ታሪክ በሦስተኛው ጉባኤ ላይ ሲደገም አንድ የነበረው ሰው ሦስት፣ በሽታውም ሌላ ሆኖ ሰምቼ አውቃለሁ። ማንም ግን «ይህ ልብ ወለድ ነው» አላለም። ወገኖች፣ ስለ ውሸት የምንቀና ከሆነ ቅንዓታችን የሚጀምረው ከዚያ ነው። በሽፋኑ ላይ «ልብ ወለድ» ተብሎ የተጻፈበት መጽሐፍ ማንንም አላታለለም።

እኔን ያሸነፈኝ ግን ክርክር አልነበረም፤ የ11 ዓመት ልጅ ነው። ሰንበት ትምህርት ላይ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12ን እያስተማርሁ ነበር። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት መጥቶ የብዙ በግ ጌታ የነበረው ባለጠጋ የድሃውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው እንዳረደ ነገረው አልሁ። ልጁ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ሀብታሙ ሰውዬ ስሙ ማን ነው?»

«ስም የለውም። ናታን ለማስተማር የፈጠረው ታሪክ ነው።»

«ዳዊት ያውቃል የተፈጠረ መሆኑን?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ናታን ዋሸው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ጸጥ አልሁ። «እሑድ እመልስልሃለሁ» ብዬ አለፍሁት፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ናታን «ተረት ተረት» እንኳ አላለም። የእግዚአብሔር ነቢይ፣ በእግዚአብሔር ተልኮ፣ ያልነበረ ሰው ያልነበረች በግ ሲሰርቅ ተረከ። ለምን? ዳዊት አሥርቱን ትእዛዛት አያውቅም ነበርን? አትግደል፣ አታመንዝር፣ የባልንጀራህን ሚስት አትመኝ የሚለውን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ናታን ስብከት ይዞ ቢመጣ ንጉሡ መልስ አያጣም ነበር። ታሪኩ ግን ከሳሽና ተከሳሽ ሳይለይ አስገባው፤ ዳዊት ስለ በጊቱ ተቆጣ፣ ፈረደ፣ አራት እጥፍ ይክፈል አለ፤ ፍርዱን በገዛ አፉ ከሰጠ በኋላ ነው ሰውዬው እርሱ መሆኑ የተነገረው። አንድ ሰው በትክክል ሳይቆጣ፣ ስለዚያች በግ ልቡ በእውነት ሳይነካ፣ ወደዚያ ሊደርስ አይችልም ነበር።

ጌታችንም ይህንኑ አደረገ። የሕግ አዋቂው ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ሲጠይቀው ትርጉም አልሰጠውም፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርድ መንገደኛ፣ ወንበዴዎች፣ ዘይት፣ ወይን፣ አህያ፣ የእንግዶች ማረፊያ፣ ሁለት ዲናር ሰጠው። ሰውዬው በመጨረሻ ሲጠየቅ «ሳምራዊው» የሚለውን ቃል ከአፉ ማውጣት አልቻለም፤ ምሕረት ያደረገለት ብሎ ሸሸው። ግን መለሰ። ታሪኩ አንቆ አስመለሰው።

ከአባቶቻችንም ይህን ክርክር ያልተጋፈጠው ጥቂት ነው። ጆን ቡንያን ያለ ፈቃድ ሰበክህ ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ1660 ጀምሮ ለ12 ዓመታት ያህል በቤድፎርድ ታስሯል። ክርስቲያን የሚባለው ተጓዥ ሸክሙን ተሸክሞ ከጥፋት ከተማ የሚወጣበትን መጽሐፉን በ1678 ሲያሳትም ከፊት ለፊቱ ረጅም መከላከያ በግጥም ጻፈ፤ ወዳጆቹ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ አሳትመው፣ ግማሾቹ ተወው ብለውት ነበርና። እንዲህ ዓይነት ፈጠራ ለወንጌል ይገባልን የሚለው ጥያቄ ከእኛ ኮሚቴ በፊት 300 ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ዛሬ የቡንያን መጽሐፍ በስብከታችን ውስጥ ይጠቀሳል፤ ወደ አማርኛም ከተተረጎመ ቆይቷል። ልብ ወለድ መሆኑን ብቻ ረስተናል።

እስከዚህ ድረስ ብዙዎቻችሁ ከእኔ ጋር እንደ ሆናችሁ እገምታለሁ። ከዚህ በኋላ ግን ሌላ ወገን ልነካ ነው፤ ይኸኛው የሚከለክል ሳይሆን የሚፈቅድ ነው። «ልብ ወለድ ይነበብ፤ ትምህርት እስካለው ድረስ» ይላል። ለእርሱ ታሪኩ የመድኃኒቱ ስኳር ነው። ልጁ ስኳሩን ይልሳል፣ መድኃኒቱን ይውጣል፣ በምዕራፉ መጨረሻ «ከዚህ ታሪክ ምን ተማርህ?» የሚሉ አምስት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። ስለ ደስታ ሲነሣ ያፍራል፤ ክርስቲያን ደስ ስላለው ብቻ የሚያነብ መሆኑ ሥጋዊነት ይመስለዋል።

ይህ አስተያየት ለልብ ወለድ ከክልከላው ይብስበታል ባይ ነኝ። የታሸገ ካርቶን አንድ ቀን ይከፈታል። ታሪክ ማለት ፈተና ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ግን ካርቶኑ ቢከፈትለትም እጁን አይዘረጋም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ናታን ካሸነፈኝ በኋላ ካርቶኑን አወረድሁት። ከላይ የነበረው ያቺ ልጅ የመለሰችው የፓትሪሺያ ሴንት ጆን «ትሬዠርስ ኦፍ ዘ ስኖው» ነበር፤ የበረዶ ሀብቶች እንደ ማለት ነው። ጸሐፊዋ እንግሊዛዊት ነርስ ስትሆን በሞሮኮ ሚስዮናዊት ሆና ብዙ ዘመን አገልግላለች፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለልጆቹ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ ማንበብ ጀመርሁ። መጀመሪያ የተቸገርሁት በአርእስቱ ነው። «በረዶ» ስል ልጆቹ ክረምት ላይ ቆርቆሮውን የሚደበድበው መሰላቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ እየወረደ መንደር የሚሸፍን በረዶ እንዳለ ለማስረዳት አንድ ቅዳሜ አለቀ። (አንዷ «እንደ ጤፍ ዱቄት?» አለችኝ፤ ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ የተሻለው እርሱ ነበር።)

ታሪኩ በስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ባለ መንደር ነው። ሉሲየን የሚባል ልጅ ትንሹን ዳኒን ለማብሸቅ የድመቱን ግልገል ገደል አፍ ላይ ያንጠለጥላል፤ ዳኒ ሊያድናት ሲል ይወድቃል፤ እግሩም ይሰበራል፣ አንካሳ ይሆናል። እኅቱ አኔት ሉሲየንን ትጠላዋለች፤ መንደሩም ያገልለዋል። የእኛ ልጆች ሁሉ ከአኔት ጋር ሆኑ። ሉሲየን በተነሣ ቁጥር «ይበለው!» ይሉ ነበር። ከዚያ ሉሲየን ለትምህርት ቤቱ ውድድር ከእንጨት ፈረስ ይቀርጻል፤ ውብ ፈረስ ነው። አኔት ማንም ሳያያት ታገኘዋለች፤ ትሰባብረዋለች።

ያን ገጽ ሳነብ «ይበለው» ያለ አልነበረም። ከጥግ የተቀመጠ ልጅ ቀስ ብሎ «ፈረሱ ምን አደረጋት?» አለ። ሌላዋ ልጅ አለቀሰች፤ ለሉሲየን ይሁን ለአኔት አላወቅሁም፤ ምናልባት ለራሷ ይሆናል፤ በዚያ ሰሞን ከጓደኛዋ ጋር እንዳልተነጋገሩ እሰማ ነበር። እኔ ስለ ይቅርታ አሥራ አንድ ትምህርት በማስታወሻ ደብተሬ አለኝ፤ ሁሉም በጥቅስ የተደገፉ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ በአንዳቸውም አላገኘሁም። በዚያች ደቂቃ «ልጆች፣ ከአኔት ምን ተማርን?» ብል ኖሮ ሁሉንም አበላሸው ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁና «ለዛሬ ይበቃናል» አልሁ። ጮሁብኝ። ቀጥል አሉኝ። ይህን ጩኸት ነው ደስታ የምለው፤ ያ ጩኸት ባይኖር ኖሮ ጸጥታውም አይኖርም ነበር፤ ፈረሱን ያልወደደ ሰው ሲሰበር አያዝንም።

ሲ. ኤስ. ሉዊስ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 የወጡትን ሰባቱን የናርንያ መጻሕፍት ሲጽፍ መጀመሪያ ትምህርቱን ዘርዝሮ ከዚያ ታሪክ እንዳላለበሰው ራሱ ገልጿል፤ የጀመረው በአእምሮው ከሚመላለስ ሥዕል፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆነ ፍጡር ጃንጥላ ይዞ በበረዶ ጫካ ሲሄድ ከሚያሳይ ሥዕል ነው። ስለ ክርስቶስ መከራ እንዲህ ሊሰማህ ይገባል ተብሎ መነገሩ በልጅነቱ ስሜቱን ያደረቀው ይመስለው እንደ ነበርም ጽፏል። አንዲት እናት ልጄ ከኢየሱስ ይልቅ አንበሳውን አስላንን የወደደ እየመሰለው ተጨነቀ ብላ በጻፈችለት ጊዜ ልጁን አልገሠጸውም፤ አስላን አደረገ ብሎ የሚወድደው ነገር ኢየሱስ በእውነት ያደረገው ነውና ልጁ የወደደው ኢየሱስን ነው የሚል መልስ ሰጠ። እኔ ብሆን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ምን እመልስ ነበር? መጽሐፉን ውሰጂበት እል ነበር።

ስለ ታሪካዊ ልብ ወለድ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ተቃዋሚዎቼ ትክክል የሆኑበት ነገር ስለ ሆነ አልሸሽገውም። የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመንን የሚተርክ ልብ ወለድ ያነበበ ሰው ደራሲው የጨመረውን እንደ ቃሉ ይይዘዋል። በአንድ የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ አንድ ወጣት ከልብ ወለድ ያገኘውን ስም ከወንጌል ነው ብሎ ሲሟገት ሰምቻለሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማንበብ ነው። ከወጣቶቹ ጋር ያቺው ፓትሪሺያ ሴንት ጆን ስለ አናሲሞስ የጻፈችውን «ትዋይስ ፍሪድ»ን ስናነብ የፊልሞናን መልእክት አጠገቡ አደረግን። መልእክቱ 25 ቁጥር ብቻ ነው፤ አናሲሞስ ምን ይመስል እንደ ነበር፣ ሲመለስ በሩ ላይ ማን እንደ ቆመ አይነግረንም። አንባቢዎቹ ግን ይህ ከጳውሎስ ነው፣ ይህ ከእርሷ ነው እያሉ ሲለዩ መልእክቱን በቃላቸው ሊያውቁት ምንም አልቀራቸውም። እኔ አጥኑ አላልኋቸውም።

በዚያው አጋጣሚ ስለ እኛው አናሲሞስ አነሣሁላቸው። አናሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ፣ በምጽዋ ነፃ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1872 ሲጠመቅ የዚያን የፊልሞና ባሪያ ስም የተቀበለ፣ በኋላም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 ያሳተመ አባታችን ነው። ከእርሱ ጋር የሠራችው አስቴር ጋኖም ከባርነት ነፃ የወጣች ናት። እነዚህ ሁለቱ ከመጽሐፍ ቅዱሱ አምስት ዓመት ቀድመው፣ በ1894፣ የንባብ መማሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። በውስጡ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? የሕዝቡ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች። ለወንጌል ከእኛ ያነሰ ቅንዓት ነበራቸው የሚል ይነሣና ይንገረኝ።

ቀጥለን ያነበብነው የኤልዛቤት ጆርጅ ስፒርን «ዘ ብሮንዝ ቦው»፣ የናስ ቀስት፣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ወጥቶ በማግስቱ ዓመት በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውቤሪ ሽልማት አግኝቷል። ዳንኤል የሚባል የገሊላ ወጣት አባቱን የገደሉበትን ሮማውያን ይጠላል፤ ወደ ተራራ ወጥቶ ከሽፍቶች ጋር ይቀላቀላል፤ ጠላትህን ውደድ የሚል መምህር በአገሩ ሲያስተምር ደግሞ ይሰማል። በአገራችን ዛሬ ይህ ታሪክ የሩቅ ዘመን ታሪክ አለመሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከመካከላችን አንድ ወጣት፣ ቤተሰቡ ላይ የደረሰውን ሁላችን የምናውቀው፣ ግማሽ ላይ ስንደርስ «ዳንኤል ልክ ነው» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ማንም አልተከተለውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣና ከኋላ ተቀመጠ። የዚያን ዕለት አልተናገረም፤ ግን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ አንድም ቅዳሜ አልቀረም። መጨረሻው ምን እንደ ሆነ አልነግራችሁም፤ አንብቡት።

«ክርስቲያናዊ» የሚል ማኅተም ያለበት ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። ሰዎቹ እንደ ትራክት የሚነጋገሩበት፣ ክፉው ሰው በመጨረሻው ገጽ ላይ ድንገት የሚንበረከክበት፣ ልጅቷ የጸለየችበት ባል በነጭ መኪና የሚመጣበት መጽሐፍ ብዙ ነው። ሽማግሌዎቼ ይቅር ይበሉኝና፣ ከእንዲህ ያለው ይልቅ ዓለማዊ የተባለ ግን ሰውን በእውነት ያየ ደራሲ ለልጄ እመርጣለሁ።

«ጊዜ የለም፤ ወጣቱ መጽሐፍ ቅዱሱን እንኳ አያነብም» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። እውነት ነው፣ አያነብም። ግን በልብ ወለድ ምክንያት ሳያነብ የቀረ ወጣት አላጋጠመኝም፤ ሰዓታችንን የበላው ምን እንደ ሆነ እጃችን ላይ ያለው ስልክ ይመሰክራል። ያጋጠመኝ ሁለት ገጽ ከዘለቀ በኋላ ዓይኑ የሚቅበዘበዝ ወጣት ነው። ሳሙኤልንና ነገሥትን ማን ከማን ጋር እንደ ነበር፣ ማን ለምን ዝም እንዳለ እያስተዋለ ሊያነብ የሚችለው ረጅም ታሪክ መከተል የለመደ ሰው ነው።

ባለፈው ወር ያቺን ልጅ ስልኳን አፈላልጌ ደወልሁላት። አሁን ባለትዳር ናት፤ በሌላ ከተማ በአንዲት አጥቢያ ሕፃናትን ታስተምራለች። ስለዚያ ቀን ይቅርታ ጠየቅኋት። መጀመሪያ አላስታወሰችኝም፤ ከዚያ ሳቀች። «ቲቸር፣ ያ የበረዶው መጽሐፍ? ፈረሱ ተሰብሮ ነው የተውኩት። መጨረሻው ምን ሆነ?»

አልነገርኋትም። መጽሐፉን ጠቅልዬ በአውቶቡስ ላክሁላት፤ ቅጠሏን ያጠፈችበት ገጽ እንደ ታጠፈ ነው።